ያ የሰርግ ዲስክ ለምን እምቢ አለ? ዲቪዲ ማጫወቻ ለሚመርጡ

ቨርጂኒያ የምትኖረው አክስቴ የእህቷ ልጅ ሰርግ በዲስክ ተልኮላት ማየት ሲያቅታት መጀመሪያ የጠረጠረችው ቪዲዮ አንሺውን ነበር። ስልክ አንስታ «ባዶ ሲዲ ነው የሸጠላችሁ» አለች። አዲስ አበባ ያሉት የሙሽራዋ ወላጆች ያንኑ ቅጂ ቤታቸው ከፍተው አዩት። ሙሽሮቹ ሲገቡ፣ ሽማግሌዎቹ ሲመርቁ፣ ኬኩ ሲቆረስ፣ ሁሉም አለ። አክስቴ ጋ ግን ማጫወቻው ዲስኩን ዋጥ ያደርግና ትንሽ አጉረምርሞ መልሶ ይተፋዋል። ቪዲዮ አንሺው እየተነጫነጨ ሁለተኛ ቅጂ ሠራ፤ በመንገደኛ ተላከ፤ እሱም እምቢ አለ። ሁለት ወር ሙሉ ሰው ተቀያየመ። በኋላ እንደተረዳነው ዲስኩም ደህና ነው፣ ማጫወቻውም ደህና ነው። ሁለቱ አይግባቡም እንጂ።

ይህን የማነሳው ዲቪዲ ማጫወቻ ልግዛ የሚለኝ ሰው ሁሉ ሁለት ጥያቄ ብቻ ስለሚጠይቀኝ ነው፦ የማን ሥሪት ይሻላል፣ ዋጋውስ ስንት ነው? ዲቪዲ ጃፓን ውስጥ ለገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፣ አሜሪካ የደረሰው በ1997። ከዚያ ወዲህ ቴክኖሎጂው በስሎ አልቋል፤ ርካሹም ውዱም ሥራው ያው ነው። ስለዚህ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ቤት ያሉትን ዲስኮች አውጡና ምንጣፉ ላይ ዘርጓቸው። ቀጥሎ የቴሌቪዥናችሁን ጀርባ እዩ። የትኛው ማጫወቻ እንደሚሆናችሁ የሚነግሯችሁ እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ቁልሉ ውስጥ ምን አለ?

አብዛኛው ሰው ሁሉንም «ሲዲ» ይለዋል፤ ለማጫወቻው ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ ሱቅ ለሱቅ ይሸጡ ከነበሩት የአማርኛ ፊልሞችና ክሊፖች ብዙዎቹ ቪሲዲ ናቸው። ቪሲዲ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣ፣ በተራ ሲዲ ላይ ቪዲዮ የሚያስቀምጥ ዘዴ ነው። አንዱ ዲስክ የሚይዘው 74 ደቂቃ ያህል ስለሆነ ፊልሙ ለሁለት ይከፈል ነበር፤ ነገሩ ልብ ሲሰቅል ተነስቶ ሁለተኛውን ዲስክ መክተት የዚያን ዘመን ወግ ነው። ዲቪዲ ግን በአንዱ ንብርብር 4.7፣ በሁለት ንብርብር 8.5 ጊጋባይት ይይዛል፤ ፊልሙም ትርጉሙም ተጨማሪውም በአንድ ዲስክ ያልቃል።

ልዩነቱ በመጠን አያበቃም። ማጫወቻው ዲስክ የሚያነበው በጨረር ነው፤ ለሲዲና ለቪሲዲ 780 ናኖሜትር የሆነ በዓይን የማይታይ ጨረር፣ ለዲቪዲ ደግሞ 650 ናኖሜትር የሆነ ቀይ ጨረር ይጠቀማል። ፋብሪካ የታተመ ዲስክ ላይ መረጃው በጥቃቅን ጉድጓድ ተቀርጿል። ቤት ወይም ስቱዲዮ የተቀዳ ዲስክ ላይ ግን ጉድጓድ የለም፤ ያለው በጨረር የተተኮሰ ቀለም ነው። የሲዲው ቀለም የተመረጠው ለ780ው ጨረር ስለሆነ ለዲቪዲው ቀይ ጨረር ጨለማ ሆኖ ይታየዋል። ለዚህ ነው ማጫወቻዎች ሁለት ጨረር እንዲኖራቸው የተደረገው።

ከሁለቱ አንዱ ደክሞ ሌላው ጤነኛ ሊሆን እንደሚችልም ልብ በሉ። «ዲቪዲውን ያጫውታል፣ ቪሲዲውን ግን ኖ ዲስክ ይላል» የሚል ሰው አላበደም። ያገለገለ ማጫወቻ ስትገዙ እንግዲህ አንድ ዲስክ ይዞ መሄድ አይበቃም፤ አንድ ቪሲዲ፣ አንድ የታተመ ዲቪዲ፣ አንድ የተቀዳ ዲቪዲ ያዙ። የተቀዳው ከቤታችሁ እጅግ የተቧጨረው ይሁን። ሻጩ የራሱን አዲስ ዲስክ ከትቶ ቢያሳያችሁ ያሳያችሁ የዲስኩን ጤንነት ነው።

ደጋግሞ የሚጻፍበት ባለ «አርደብሊው» ዲስክ ካላችሁ ደግሞ እሱም ይፈተን። የታተመ ባለ አንድ ንብርብር ዲቪዲ ከሚያርፍበት ብርሃን ከ45 እስከ 85 በመቶ ሲመልስ፣ አርደብሊው የሚመልሰው ከ18 እስከ 30 በመቶ ብቻ ነው። ሌንሱ የደከመ ማጫወቻ መጀመሪያ የሚያቅተው እሱን ነው።

የቁጥሩ አጥር

ፊልም ሠሪዎቹ የሆሊውድ ድርጅቶች አንድ አገር የወጣ ዲስክ ሌላ አገር እንዳይታይ ሲሉ ዓለምን «ሪጅን» በሚባል ቁጥር ከፋፈሏት። አሜሪካና ካናዳ 1 ናቸው። አውሮፓ፣ መካከለኛው ምሥራቅ፣ እስራኤልን ጨምሮ፣ ግብፅ፣ ደቡብ አፍሪካና ጃፓን 2 ተባሉ። ኢትዮጵያ ከአብዛኛው አፍሪካ፣ ከሩሲያና ከህንድ ጋር 5 ውስጥ ናት። ማን ከማን ጋር እንደተመደበ ስታዩት ካርታውን የሳለው ሰው ምን አስቦ ይሆን ያሰኛል።

ቁጥሩ ዲስኩ ሽፋን ላይ በትንሽ ሉል ሥዕል ውስጥ ይገኛል፤ ማጫወቻውም ጀርባው ላይ አለው። ሁለቱ ካልገጠሙ አይጫወትም። አሜሪካ የተገዛ ኦሪጅናል ፊልም 5 ቁጥር ባለው ማጫወቻ ላይ የሚከለከለው በዚህ ነው። ደግነቱ ርካሽ ማጫወቻዎች ብዙዎቹ ሲመጡ ጀምሮ ለሁሉም ክፍት ናቸው፤ ሌሎቹም በሪሞት በሚገባ ቁጥር ይከፈታሉ። ሱቅ ውስጥ «ኦል ሪጅን ነው?» ብሎ መጠየቅ ያስኬዳል። የኮምፒውተር ማንበቢያ ግን ይለያል፤ ቁጥሩን 5 ጊዜ ብቻ ያስቀይራችሁና በመጨረሻው ላይ ይቆለፋል።

አሁን ወደ አክስቴ ልመለስ። የሁላችንም የመጀመሪያ ግምት «ሪጅኑ ነው» የሚል ነበር፤ ተሳስተናል። ቪዲዮ አንሺ የቀዳው የሰርግ ዲስክ የአገር ቁጥር የለውም። ቁጥሩ የፊልም ድርጅቶች ጉዳይ ነው፤ የሰርግ፣ የክርስትና፣ የምረቃ ዲስክ ዓለም ሁሉ ክፍት ነው።

ያገደው ሌላ አጥር ነው

ቴሌቪዥን ሲጀመር የምስሉ ፍጥነት ከየአገሩ የመብራት ሞገድ ጋር እንዲሄድ ተደረገ። አሜሪካ መብራቱ 60 ኸርዝ ስለሆነ በሰከንድ 30 ያህል ምስል፣ አውሮፓ 50 ኸርዝ ስለሆነ 25 ምስል። የአሜሪካው ኤንቲኤስሲ ተባለ፤ በአውሮፓ የተስፋፋው ፓል። ኢትዮጵያ መብራቷም 50 ኸርዝ፣ ቴሌቪዥኗም ፓል ነው። ዲቪዲ ሲመጣ ይህን የቆየ ልዩነት ወረሰ፦ የፓል ዲስክ ምስሉ በ576 መስመር፣ የኤንቲኤስሲው በ480 መስመር ይቀመጣል።

አዲስ አበባ የተሠራ የሰርግ ዲስክ እንግዲህ ፓል ነው። አሜሪካ የሚሸጡ ማጫወቻዎች አብዛኞቹ ደግሞ ፓል አያውቁም። ዲስኩን ይስባሉ፣ ያዩታል፣ ይተፉታል። አንዳንዱ «ይህን ዲስክ ማጫወት አልችልም» ይላል እንጂ ለምን እንደሆነ አይናገርም፤ ቪዲዮ አንሺ የሚሰደበው ለዚህ ነው።

የሚገርመው በተገላቢጦሽ ችግሩ አለመኖሩ ነው። ለኢትዮጵያ፣ ለአውሮፓ፣ ለእስራኤል ወይም ለዱባይ ገበያ የተሠራ ማጫወቻ ኤንቲኤስሲውንም አብሮ ያጫውታል ማለት ይቻላል። እናም ሁለቱ አጥሮች በተቃራኒ አቅጣጫ ነው የሚቆሙት። ከአሜሪካ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣን የፊልም ዲስክ የሚያግደው የአገር ቁጥሩ ነው፤ ከአዲስ አበባ ወደ አሜሪካ የሚሄድን የሰርግ ዲስክ የሚያግደው ፓል ነው። ቴል አቪቭ ወይም ፍራንክፈርት ያለ ዘመድ ያንኑ የሰርግ ዲስክ ያለ ሐሳብ ያያል። ሁለቱ አጥሮች የተለያዩ ለመሆናቸው ጃፓን ምስክር ናት፤ ቁጥሯ ከአውሮፓ ጋር 2 ሆኖ ሥርዓቷ ግን ኤንቲኤስሲ ነው።

አሜሪካ ላላችሁ እንግዲህ ማጫወቻ ስትመርጡ ከሁሉ በላይ የምትፈልጉት ጽሑፍ ካርቶኑ ላይ «ፓልን ወደ ኤንቲኤስሲ ይቀይራል» የሚለው ነው። «ሪጅን ፍሪ» የሚለው ብቻውን አይበቃም፤ አገር ቤት ለሚመጣላችሁ ዲስክ እንዲያውም አያስፈልግም። አዲስ አበባ ሆናችሁ ለዘመድ የምትልኩ ከሆነ ደግሞ ቪዲዮ አንሺውን አንድ ቅጂ በኤንቲኤስሲ እንዲያወጣላችሁ ንገሩት፤ ሶፍትዌሩ ውስጥ አንድ ምርጫ ነው። አክስቴ በመጨረሻ ሰርጉን ያየችው በልጇ ላፕቶፕ ነው። ኮምፒውተር ፓልና ኤንቲኤስሲ ብሎ አይለይም።

አገር ቤት አንዳንዴ የሚያጋጥመው ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ሆኖ መውጣት ወይም ወደ ላይ መንከባለል ነው፤ ይህ የሚሆነው ማጫወቻው ቤት ላለው የድሮ ቴሌቪዥን ኤንቲኤስሲ ሲልክለት ነው። ጠጋኝ ከመጥራታችሁ በፊት በሪሞቱ ሴትአፕ ውስጥ ግቡና «ቲቪ ሲስተም» የሚለውን ፓል ወይም አውቶ አድርጉት።

የቴሌቪዥኑ ጀርባ

ከርሳሙ የድሮ ቴሌቪዥን ካላችሁ ነገሩ ቀላል ነው፦ ቢጫ ለሥዕል፣ ነጭና ቀይ ለድምፅ። ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ካላችሁ ኤችዲኤምአይ ያለው ማጫወቻ ግዙ፤ አንድ ገመድ ሥዕሉንም ድምፁንም ይወስዳል፣ ሥዕሉም ይጠራል። ቢጫው ገመድ ቀለሙንና ብርሃኑን በአንድ ሽቦ አደባልቆ ስለሚልክ ጠርዙ ሁልጊዜ ይደበዝዛል።

ችግሩ መሀል ላይ፣ የድሮ ማጫወቻና አዲስ ቴሌቪዥን ላላቸው ነው። አዳዲስ ቴሌቪዥኖች ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ቀዳዳ እያስቀሩ ነው። አንዳንዱ ሦስቱን በአንድ እንደ ጆሮ ማዳመጫ ባለ ቀዳዳ ጠቅልሏቸዋል፤ ለእሱ የሚሆነው አጭር ገመድ ከቴሌቪዥኑ ጋር ይመጣል፣ አትጣሉት። ከሱቅ የተገዛ ተመሳሳይ ገመድ ውስጡ የሽቦው አሰላለፍ ሊለያይ ይችላል፤ ያኔ ሥዕሉ ቀርቶ ስፒከሩ ብቻ ይጮኻል። አንዳንዱ ደግሞ ቢጫውን ኮምፖነንት ከሚባለው ሌላ የሥዕል ግንኙነት አረንጓዴ ቀዳዳ ጋር አንድ አድርጎታል፤ ቴሌቪዥኑ አረንጓዴ ነው ብሎ ከጠበቀ ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ይመጣል። በሪሞት ምንጩን «ኤቪ» ማድረግ ነው።

ምንም ቀዳዳ ከሌለ ትንሽ የመቀየሪያ ሳጥን አለ። ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ጋ ነው። ሁለት ዓይነት ሳጥን አለ፣ መልካቸው መንታ ነው፦ አንዱ ከኤቪ (ከቢጫ፣ ነጭና ቀዩ ገመድ) ወደ ኤችዲኤምአይ፣ ሌላው ከኤችዲኤምአይ ወደ ኤቪ ይቀይራል። አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም። የድሮ ማጫወቻ ለአዲስ ቴሌቪዥን የሚያስፈልገው የመጀመሪያው ነው፤ እሱም የራሱ መብራት ስለሚፈልግ የዩኤስቢ ገመዱን መሰካት አትርሱ።

«1080 ያወጣል» ማለት ምን ማለት ነው?

ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ይሄ ነው። በነጥብ እንቁጠረው። የፓል ዲቪዲ አንድ ምስል 720 በ576፣ ማለትም 414,720 ነጥብ ነው። ሙሉ ኤችዲ፣ ማለትም 1080 የሚባለው ቴሌቪዥን 2,073,600 ነጥብ አለው፤ ልክ አምስት እጥፍ። ፎርኬ ቴሌቪዥን ደግሞ 8,294,400፤ ልክ ሃያ እጥፍ። ዲስኩ ላይ ያለው ግን ያው 414,720 ነው። ማጫወቻው የጎደለውን በግምት ይሞላል፤ አንዱን ነጥብ ከጎረቤቱ ጋር አስታርቆ በመሀል አዲስ ይፈጥራል። የሌለ የቅንድብ ፀጉር አያመጣም። ማጫወቻው ባይሠራው ቴሌቪዥኑ ራሱ ይሠራዋል፣ ብዙ ጊዜም በተሻለ። ስለዚህ ለዚህ ጽሑፍ ተብሎ የሚጨመር ገንዘብ አይታየኝም። ቪሲዲው ይባስ ብሎ 352 በ288 ብቻ ነው፤ ፎርኬ ላይ አንዷ ነጥብ ወደ 82 ነጥብ ትለጠጣለች። የድሮው ፊልም ትልቁ ስክሪን ላይ ሲሚንቶ መስሎ ቢታያችሁ ዲስኩ አልተበላሸም፤ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ።

ከጥራቱ ይልቅ ቶሎ ዓይን የሚያስቀይመው የቅርጽ ነገር ነው። የድሮ ቪዲዮ 4 ለ3 ነው፤ የዛሬ ስክሪን 16 ለ9። ቴሌቪዥኑ ሊሞላ ሲል ወደ ጎን ይለጥጠውና ቀጭኗ ሙሽራ ሰፍታ ትታያለች። ሪሞት ላይ 4፡3 የሚለውን መርጣችሁ ግራና ቀኙ ጥቁር ይሁን።

መብራቱ

ከአሜሪካ ሻንጣ ውስጥ ለሚመጣ ማጫወቻ ጀርባው ላይ ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ አንብቡ። «100-240 ቮልት» ካለ የሶኬት መቀየሪያ ይበቃዋል። «120 ቮልት» ብቻ ካለ አገር ቤት 220ው ላይ በቀጥታ መሰካት ማቃጠል ነው። የሶኬት መቀየሪያ የጥርሱን ቅርጽ እንጂ ቮልቱን አይቀይርም፤ የሚያስፈልገው ትራንስፎርመር ነው። ማጫወቻ የሚወስደው ኃይል ትንሽ ስለሆነ ትንሹ ይበቃል። መብራት በሚዋዥቅበት ሰፈር ስታቢላይዘር ላይ ይሁን።

ፍላሽ፣ ብሉሬይ እና የቀረው

ብዙ ሰው ማጫወቻ የሚገዛው ለዲስኩ ሳይሆን ፊት ለፊቱ ላለችው የፍላሽ ቀዳዳ ነው። ተራ ዲቪዲ ማጫወቻ በፍላሽ ኤምፒ3፣ ፎቶና የድሮውን ኤቪአይ ቪዲዮ ያጫውታል፤ በስልክ የተቀረጸ ኤምፒ4 ግን አብዛኛው አይችልም። ፍላሹም ፋት32 በሚባለው ፎርማት የተሰናዳ መሆን አለበት፤ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋባይት ሊበልጥ አይችልም። ቴሌቪዥናችሁ የራሱ የፍላሽ ቀዳዳ ካለው ለዚያ ሥራ እሱ ይሻላል።

ከዲቪዲ ቀጥሎ የመጣው የብሉሬይ ዲስክ ማጫወቻ ዲቪዲም ያጫውታል፤ ጥሩ ምርጫ ሊሆን ይችላል፣ ግን አንዳንዱ ቪሲዲ አያነብም፣ አሜሪካ የተሸጠውም ከፓል ጋር ያው ጠብ አለው። የዲስክ ማስገቢያ ያላቸው የፕሌይስቴሽን 4 እና 5 ጌም ማሽኖች ዲቪዲ ያጫውታሉ፤ ሲዲ ጭራሽ አይከፍቱም። «5.1» የሚለው ጽሑፍ ቤታችሁ ስድስት ስፒከር ከሌለ ትርጉም የለውም።

ያገለገለ ስትገዙ ሪሞቱን ጠይቁ። ብዙዎቹ ማጫወቻዎች ፊታቸው ላይ ያለው መክፈቻና ማጫወቻ ብቻ ነው፤ ፓሉም፣ ቅርጹም፣ ቋንቋውም የሚገኘው ሪሞት ላይ ነው። ትሪው እየተንገዳገደ ከወጣ ውስጡ ያለች ትንሽ ጎማ ላልታለች፤ ርካሽ ጥገና ናት። ዲስኩን ደጋግሞ እየሞከረ መጀመር ካቃተው ግን ሌንሱ ነው፤ እሱን ተዉት።

ገበያው እየሳሳ ነው። ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2019 አሜሪካ ውስጥ አዲስ ብሉሬይ ማጫወቻ ማውጣት እንደሚያቆም አሳወቀ፤ ኔትፍሊክስም በፖስታ ዲስክ መላኩን በመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. ዘጋ። በተቀዳ ዲስክ ላይ ያለው ቀለምም በፀሐይና በሙቀት እየደበዘዘ ይሄዳል፤ ዛሬ በግድ የሚነበበው ከርሞ ላይነበብ ይችላል። የሰርጉን ዲስክ ማጫወቻ ስትፈልጉለት አብራችሁ ገልብጡት። በዩኤስቢ የሚሰካ የዲስክ ማንበቢያ ከኮምፒውተር ጋር አገናኙ። ዲቪዲ ከሆነ «ቪዲዮ ቲኤስ» የሚለውን ፎልደር እንዳለ ውሰዱት። ቪሲዲ ከሆነ «ኤምፔግ ኤቪ» ፎልደር ውስጥ ዳት የሚል ቅጥያ ያለው ትልቅ ፋይል ታገኛላችሁ፤ ሰርጉ እሱ ነው። ሁለቱንም ቪኤልሲ የተባለው የኮምፒውተር ማጫወቻ ፕሮግራም ይከፍታቸዋል። መሀል ላይ አላነብም ብሎ ቀጥ ካለ ዲስኩን ከመሀል ወደ ዳር በቀጥታ በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉ፣ በክብ አታዙሩት፤ ከዚያ ሌላ ማንበቢያ ላይ ሞክሩት። አንዱ ያቃተውን ሌላው ብዙ ጊዜ ያነበዋል።